የዛሬ ተመላሾች ረድፍ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፦ በመስከረም ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቺቪታቬኪያ ከተማ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሴቲሚዮ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ገብቶ ቆመ።

መኪና በመኪና ማቆሚያ መቆሙ ብርቅ አይደለም። በዚያ ቀን ብቻ ከሰማንያ በላይ ቆመዋል። ይህኛው ሲገባ ግን የሴቲሚዮ ልጅ ኦርሶላ በእጇ የያዘችውን የውሃ ጎማ ረሳችው፤ ውሃውም ሄዶ ሄዶ የአንድ የፔሩጃ ጡረተኛ ጫማ ውስጥ ገባ። ጡረተኛው ወደ እግሩ ተመለከተና «ይሄም ከአገልግሎቱ ጋር ነው?» ሲል ጠየቀ። ኦርሶላ አልሰማችውም።

አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው መኪና ይሄ አልነበረም። እሷ የጠበቀችው አመድማ፣ አሮጌ፣ የቀኝ መብራቱ የተሰነጠቀውን ነበር። የመጣው ጥቁርና አዲስ ሆነ። ከውስጡ የወጣው ሰው ግን ያው ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ በሩን ሲዘጋ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ የሚመስል። ሊቪዮ። የሮም ጠበቃ፤ የሲኞራ ኦታቪያ አንድያ ልጅ።

«ዶቶሬ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ሴቲሚዮ። ሴቲሚዮ መኪና ያለውን ወንድ ሁሉ ዶቶሬ፣ ማለትም ዶክተር፣ ይለዋል፤ ሁለት መኪና ያለውን ፕሮፌሶሬ ይለዋል። «መቼ ነው የምትመለሱት?»

«በአሥራ ሁለት ቀን» አሉ ከመኪናው ተከትለው የወረዱት ሲኞራ ኦታቪያ፣ ልጃቸው አፉን ሳይከፍት።

ይህ ጥያቄ በዚያ ግቢ ውስጥ ዋዛ አይደለም። ሴቲሚዮ የመርከብ መንገደኞችን መኪና የሚያሰልፈው እንደ መመለሻ ቀናቸው ነው። አሥራ ሁለት ቀን የሚቆየው ከኋላ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ አፍንጫው ከግንቡ ጋር ይገጥማል። የሳምንቱ ከመሃል ይሰለፋል። በሩ አጠገብ ያለው አጭር ረድፍ ደግሞ የዛሬ ተመላሾች ነው፤ አፍንጫቸው ወደ መንገዱ ዞሮ ይጠብቃሉ። መኪኖቹ እንደ ዳቦ ተጠጋግተው ስለሚቆሙና ስለሚዛወሩ ሰው ሁሉ ቁልፉን ትቶ ይሄዳል። ሴቲሚዮ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም መኪና በተሳሳተ ረድፍ አላቆመም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

የኦርሶላ ነገር የመጣው በዚሁ ቁልፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያንን አመድማ መኪና ከረድፍ ወደ ረድፍ ስታዛውር ወንበሩን ወደ መሪው ሳበችው፤ አጭር ናት። መልሳ መግፋቱን ረሳች። በሚቀጥለው ጉዞ ከፀሐይ መከላከያው ኋላ አንዲት ወረቀት ጠበቀቻት። «መኪናዬን ለምታዛውሪው፦ ወንበሩን አንቺ እንደተውሽው ትቼ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ እስከ ሮም ነዳሁ። ደስ ይል ነበር።» ኦርሶላ ወረቀት አጠገቧ ስላልነበረ በግቢው ቢጫ ካርድ ጀርባ መለሰችለት፦ «እግር ማሳጠር የእኔ ሥራ አይደለም።»

ሲኞራ ኦታቪያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በመስከረም፣ ለሳንባቸው ሲሉ በመርከብ ባሕር ይወጣሉ፤ ልጃቸውም አብሮ ይወጣል። እናም እሱ ሲሄድ ከፀሐይ መከላከያው ኋላ ወረቀት ይተዋል፤ ሲመለስ ቢጫ ካርድ ያገኛል። ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ «አንተ» እና «አንቺ» የሚባሉት በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም የመጣው ወረቀት ከሁሉም አጭር ነበር፦ «ኦርሶላ፤ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ለማሰብ አሥራ ሁለት ቀን አለሽ።»

ኦርሶላ አሥራ ሁለቱንም ቀን አሰበች። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጻፈችና ካርዱን በቦታው ሸጎጠችው። ሊቪዮ ግን ለሥራ ተጠርቶ በዋዜማው በጄኖቫ ወደብ ከመርከብ ወርዶ ነበር፤ መኪናውን ወደ ሮም ነድተው የሄዱት እናቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልመጣም። በሚያዝያም አልመጡም። ኦርሶላ ክረምቱን ሙሉ የሌሎች ሰዎችን ወንበር ወደ ኋላ እየመለሰች ከረመች።

«ዘንድሮ ጉዞው ለየት ያለ ነው» አሉ ሲኞራ ኦታቪያ። ሟቹ ባላቸው የታወቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም ሰውን ሁሉ የሚያናግሩት ማደንዘዣ እንደተወጋ በሽተኛ ነው፤ ቀስ ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ። «ዳኛ ታንክሬዲና ልጃቸው ፊያሜታ አብረውን ናቸው። መርከቡ ላይ ይጠብቁናል። ሊቪዮና ፊያሜታ በልጅነታቸው አብረው ዋኝተዋል።»

«በአንድ ባሕር?» አለ ሴቲሚዮ።

«በአንድ ገንዳ።»

«ገንዳ ይሻላል። አይጠፋፉም።»

ኦርሶላ ቢጫውን ካርድ ለሁለት ቀደደች። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንዱ ግማሽ ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀራል፤ ሌላው ለባለ መኪናው ይሰጣል። ያለዚያ ግማሽ መኪና የለም። ሴቲሚዮ አንድ ጊዜ ግማሹን የጣለውን የገዛ ወንድሙን በአውቶቡስ ሸኝቶታል። ሊቪዮ ድርሻውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት ኦርሶላ ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በዓይኑ ውስጥ ያየችው ያልጠበቀችውን ነበር፤ ቂም። እሷ ልትቆጣው ተዘጋጅታ ሳለ እሱ ቀድሟት ተቆጥቷል። ግማሹን ካርድ የሰጠችው መስሏት፣ ሳታውቀው ወደ ኪሷ ከተተችው።

መንገደኞቹን ወደ ወደቡ የሚያደርሰውን ሚኒባስ የምትነዳው ኦርሶላ ናት። ሲኞራ ኦታቪያ ከሹፌር አጠገብ መቀመጥ ረዳት ያስመስላል ብለው ስለሚያምኑ ከኋላ ሆኑ፤ አጠገባቸው ከቪቴርቦ የመጡ ባልና ሚስት ተቀመጡ። ለሊቪዮ የቀረው ከፊት ነበር። ከፊት በቀር ሌላ ቦታ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ማንም አላጣራም።

«መርከቡ ቢሄድብንስ?» አለ የቪቴርቦው ሰው፣ ሚኒባሱ ከበሩ ሳይወጣ።

«አሜዴዮ፣ መሳፈሪያው የሚዘጋው ዘጠኝ ተኩል ነው» አለች ሚስቱ።

«ካፒቴኑ ይሄንን ያውቃል?»

ኦርሶላ መንገዱን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መኪና ቀየራችሁ» አለች።

«በየካቲት ተሸጠ። ሪዬቲ ለሚኖር ጥርስ ሐኪም።»

«ከነፀሐይ መከላከያው?»

ሊቪዮ ዞር አለ። «ከመከላከያው ኋላ ምንም አልነበረም። ሦስት ጊዜ አየሁ። አንድ ጊዜ በባትሪ አየሁ። ዝም ማለትዎ ራሱ መልስ መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ።»

«ነበረ።»

«ምን?»

«ነበረ አልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ በዚህ እጄ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሚኒባሱ በቀይ መብራት ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ሚኒባሱ አልተነሳም። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

«እየሄዱብን ነው» አለ አሜዴዮ።

«አስቀምጠሽ ነበር» አለ ሊቪዮ። «እርስዎ» የሚለው ቃል እዚያው መብራቱ ላይ ወርዶ ቀረ። «እንግዲያ መልስሽን ያ ጥርስ ሐኪም ያውቀዋል፣ እኔ ግን አላውቀውም።»

«ደስ ይበለው።»

«ኦርሶላ፣ ምን ይል ነበር?»

«ዓመት ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር አሁን እየነዳሁ ልንገርህ? አንዴ ተጽፏል። እኔ ሁለት ጊዜ አልጽፍም።»

«ንገሪኝ እንጂ ጻፊ አላልኩሽም።»

«እናትህ ከኋላ ናቸው።»

«እናቴ ሁልጊዜም ከኋላ ናት።»

«ልጄ» አሉ ሲኞራ ኦታቪያ ከኋላ፤ ሁለቱም ጀርባቸው ቀጥ አለ። «ቀዝቃዛው አየር አንገቴ ላይ ነው።»

ኦርሶላ አየሩን ቀነሰች። በመስታወቱ ወደ ኋላ ስታይ ሲኞራ ኦታቪያ ባሕሩን ይመለከቱ ነበር፤ ቦርሳቸውን ግን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ሌባ የበዛበት ገበያ ውስጥ እንዳለ ሰው።

«ፊያሜታስ?» አለች ኦርሶላ፣ ላለመጠየቅ ለራሷ ቃል ከገባች ከአንድ ደቂቃ በኋላ።

«እሺ ያልኩት እምቢ የምልበት ምክንያት ስላጣሁ ነው። አንቺ ዝም ስትዪ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ምሳም መርከብም ፊያሜታም።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የወደቡ በር ደረሰ። ነጩ መርከብ ከመጋዘኖቹ በላይ እንደ ሰፈር ተገትሯል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ተሸካሚዎች የሚኒባሱን የኋላ በር ከፍተው ሻንጣዎቹን ያወጡ ጀመር። ሻንጣ አንዴ ለእነሱ ከተሰጠ አይመለስም፤ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሄድና ካቢኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የሊቪዮ ቡናማ ሻንጣ በጋሪ ላይ ተጭኖ በጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ ሲገባ ኦርሶላ አየችው።

«መልካም ጉዞ» አለች። በቀን ሰማንያ ጊዜ የምትለው ነው። 

ሊቪዮ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «አንድ ቃል ብቻ» አለ በሹክሹክታ። «እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

«ሊቪዮ፣ መድኃኒቴን የያዘው ማነው?» አሉ እናቱ። እሱም ዞረ፤ ሰውም መሃላቸው ገባ። ኦርሶላ በከንፈሯ ላይ የቀረውን ቃል ይዛ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች። አልከፋትም፤ ይሄ ነው የገረማት። ዓመት ሙሉ እንደተጣለች ስታስብ ኖራ፣ ለካ ተፈልጋ ነበር። በባትሪ ጭምር።

ግቢው ስትደርስ አባቷ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮክ እየላጠ ነበር። ከፊቱ፣ የዛሬ ተመላሾች ረድፍ ላይ፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ጥቁሩ አዲስ መኪና ቆሟል።

ኦርሶላ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «አባዬ። ይሄ የአሥራ ሁለት ቀን ነው።»

«ማን አለ?»

«እናቱ አሉ።»

«ዛሬ የነዱት እናቱ አይደሉም።»

«አባዬ፣ ተሳስተሃል።»

ሴቲሚዮ ቢላዋውን አቆመ። ይህ ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲሄድ አይቻለሁ» አለ። «የሚሄድ ሰው በመጨረሻ ዞሮ መኪናውን ያያል። ቆልፌዋለሁ ወይ፣ መስኮቱ ተዘግቷል ወይ። ያኛው አንዴም አላየውም።»

«ታዲያ ምን ነበር የሚያየው?»

«እኔ መኪና ጠባቂ ነኝ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም።» አንድ ቁራጭ ኮክ በቢላዋው ጫፍ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም፤ ራሱ በላው። «ካርዶቼ ሲጎድሉ የማላውቅ ይመስልሻል? ሦስት ዓመት። መጀመሪያ አይጥ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዬም ሲጠፋ፣ አይጥ እስክሪብቶ ምን ያደርግላታል አልኩ።»

ኦርሶላ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። «ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» ፊቱን ወደ ኮኩ መለሰ። «እናትሽ ብትኖር ትጠይቅሽ ነበር። እኔ ረድፍ ነው የማውቀው። ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

እጇን ኪሷ ከተተች። ግማሹ ቢጫ ካርድ ነበር።

«ያለ ግማሽ ካርድ መኪና አልሰጥም» አለ ሴቲሚዮ፣ ሕግ እንደሚያነብ ሰው። «ለማንም። ሂጂ አድርሺ። ደንብ ደንብ ነው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ኦርሶላ እስከ ወደቡ ያለውን መንገድ በሕይወቷ ነድታው በማታውቀው ሁኔታ ነዳችው። አንድ ዓሣ የጫነ መኪና ደርባ አለፈች፤ ሹፌሩ የተናገረውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ሚኒባሱን ማቆም ክልክል የሆነበት ቦታ አቆመችው። የመኪና ማቆሚያ ባለቤት ልጅ ናት፤ ይህንን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቁልፉንም ውስጡ ረሳችው።

የመንገደኞቹ አዳራሽ በሰው፣ በባርኔጣና በባለ ጎማ ሻንጣ ተሞልቷል። ኦርሶላ «ይቅርታ፣ የመኪና ካርድ ነው፣ ይቅርታ» እያለች አለፈች። መፈተሻ ማሽኑ ጋ ስትደርስ ሰልፉ ቆሞ ነበር። ያስቆሙት ሲኞራ ኦታቪያ ናቸው።

«ሲኞራ፣ ቦርሳዎ ውስጥ ካውያ አለ» ይል ነበር ፂማሙ ፈታሽ።

«የለም።»

«በማሽኑ እያየሁት ነው። ገመዱ ጭምር ይታያል።»

«የመርከብ ሰዎች ሸሚዝ መተኮስ አያውቁም» አሉ ሲኞራ ኦታቪያ። «ልጄ ከሰው ፊት ሊቀርብ ነው።»

«መርከብ ላይ ካውያ ክልክል ነው። እሳት ያስነሳል።»

«በእኔ እጅ ምንም ነገር እሳት አስነስቶ አያውቅም።»

ፈታሹ ጓንቱን አስተካክሎ ቦርሳውን ማራገፍ ጀመረ። በሐር ሻሽ የተጠቀለለ ትንሽ ካውያ ወጣ። የመድኃኒት ጠርሙሶች ወጡ። መቁጠሪያ ወጣ። ከሥር ደግሞ፣ ከውስጠኛው ኪስ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ቢጫ ካርድ ወጣ።

ኦርሶላ ሰልፉን ከሚከልለው ገመድ ወዲህ ቆማ አወቀችው።  ሊቪዮም አወቀው፤ እጁን ዘረጋ። ፈታሹ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ካርዱን ገልብጦ፣ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አነበበ፦

«‹እሺ። ግን መርከብ በሌለበት ሰዓት ና፤ ሻንጣ ሳትይዝ። መንገደኛ ጠግቤያለሁ።›» ቀና አለ። «ሲኞራ፣ ይሄ ምንድነው? የመድኃኒት ማዘዣ ነው?»

 ካርዱ ከፈታሹ እጅ ወደ ሊቪዮ እጅ አለፈ። ሊቪዮ አነበበው፤ እንደገና አነበበው፤ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው።

«ማማ» አለ ቀስ ብሎ።

«ፓሌርሞን ካለፍን በኋላ ልሰጥህ ነበር።»

«ለምን ከፓሌርሞ በኋላ?»

«ከፓሌርሞ በኋላ ሁለት ቀን ባሕር ብቻ ነው፤ መውረጃ የለም» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማደንዘዣው ወጣ። «ስነዳ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ፤ መከላከያውን ሳወርድ ጭኔ ላይ ወደቀ። ስንት ቀን ልቀደው ነበር። ስንት ቀን።» መቁጠሪያውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «አባትህ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ለእኔ የጻፈልኝ ነገር ቢኖር መድኃኒት ብቻ ነው። ይሄንን ግን እየቆየሁ አነብበው ነበር። ለማን እንደተጻፈ አንዳንዴ እረሳዋለሁ።»

ያኔ ነው ሊቪዮ ዞሮ ኦርሶላን ያያት፤ ግማሹን ካርድ እንደ ሻማ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ፀጉሯ በነፋስ ተበትኖ። ገመዱን ጎንበስ ብሎ አለፈው።

«ካርድዎን ረስተው ነው» አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ስለሆነ «እርስዎ» ተመለሰ። «ያለዚህ መኪና የለም።»

«ሻንጣዬ ሄዷል» አለ ሊቪዮ።

«አውቃለሁ። ሲገባ አይቼዋለሁ።»

«ስለዚህ ሻንጣ አልያዝኩም።»

ኦርሶላ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። «መርከቡ ግን ይኸው ቆሟል።»

«አሥር ተኩል ላይ ይሄዳል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በዚህ ወደብ መርከብ የለም።»

«ወገኖቼ» አለ አሜዴዮ ከሰልፉ ውስጥ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «እኔ ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው፤ ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው።»

ፈታሹ ቅጽ አወጣ። «ካውያው እስክትመለሱ ድረስ እዚህ ሊቀመጥ ይችላል» አለ። «ወይስ ከእናንተ መሃል የሚረከብ አለ?»

ሲኞራ ኦታቪያ መድኃኒታቸውን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሱ። ዘጉት። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ልጃቸውንም ኦርሶላንም ሳያዩ፣ ፊት ለፊት ወደ መርከቡ እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ ተናገሩ።

«ለልጄ ስጠው» አሉ። «እሱ የዛሬ ተመላሽ ነው።»

ፈታሹ ካውያውን ከነገመዱ ለሊቪዮ ዘረጋ። የሊቪዮ አንድ እጅ ግን በቢጫው ካርድ፣ ሌላው በኦርሶላ እጅ ተይዞ ስለነበር፣ ካውያውን የተቀበለው የቪቴርቦው ሰው ነው።